የሱኪ ሌላ መጨረሻ

ኦክቶበር 8፣ 1807፣ ለንደን

“ያልታዘዘችው ሱኪ” አለቀች። ዛሬ ጠዋት ከቁርስ በፊት ገደልኳት። እናቷ ዝናብ ነው አትውጪ ስትላት ወጣች፣ ዳክዬዎቹን አያለሁ ብላ ኩሬው ዳር ሄደች፣ በሰበሰች፣ ታመመች፣ ሞተች። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ግልጽ ማድረግ አይቻልም። ወደ ሚስተር ሃክስቢ ሱቅ ወስጄ ቆሜ አነበብኩለት። ሲያልቅ አፍንጫውን ጠረገና፣ ጥሩ ነው፣ ሞቷን ግን ትንሽ ያስረዝሙልኝ፣ ለስድስተኛ ሥዕል ቦታ አለኝ አለ። የልጆች መጽሐፍ እያተመ ይሸጣል እንጂ አንጀት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አስረዘምኩለት።

ስሜ እንደ ልማዱ አይወጣም። ሽፋኑ ላይ “በአንዲት እናት የተጻፈ” ይላል። ሃክስቢ፣ ዶርካስ ፔንሮን ማን ያውቃታል፣ እናትን ግን ሁሉም ያምናታል ይለኛል። እውነቱን ነው። ቢሆንም ያንገበግበኛል።

ኦክቶበር 12

ሥዕሎቹን ለማተሚያ መዳብ ላይ የሚቀርጸው ቤዝል እያየሁ የምስለው ልጅ አምጡልኝ ብሎ ነበር። ከሐሳቡ የሚስላቸው ልጆች ሁሉ ጢማቸውን የተላጩ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፤ ራሱም ያውቀዋል። ልጄን ሌቲስን ይዣት ሄድኩ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ፊቷም ለሱኪ የተሠራ ይመስላል። አባቷ በሕይወት ቢኖር ልጄን መጫወቻ አታድርጊያት ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ባሕር ላይ ቀርቷል፣ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሱኪ በስብሳ የምትታይበት ሥዕል ላይ ሰውዬው ተቸገረ። የእርጥብ ጨርቅ አወዳደቅ ካላዩት አይሳልም ብሎ ፀጉሯንና ቀሚሷን በጆግ ውሃ አራሰው። ምድጃው ጠፍቶ ነበር፤ ጭሱ ሥራዬን ያበላሽብኛል ይላል። መስኮቱንም ለብርሃን ብሎ ከፍቶታል። ግን ብዙ አልቆየንም። ሌቲስ አንዴ እግሯን አነቃነቀችና ቆጣ አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም። ሲደርቅባት እንደገና አራሳት። ቤዝል እድሜ ልኬን ስሠራ እንዲህ ያለች ታዛዥ ልጅ አላየሁም አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ከምሳ በፊት የገባን ስንወጣ የመንገዱ ፋኖሶች በርተው ነበር። ሌቲስ እጄን ይዛ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። ደክሟት ነው።

ኦክቶበር 16

ሌቲስ ታስላለች። ወቅቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይስላል።

ኦክቶበር 29

ሳሉ አልለቀቃትም። ማርጀሪ ከእናቴ ቤት ጀምራ ከእኔ ጋር ያረጀች ሠራተኛዬ ናት፤ ስለዚህ የፈለገችውን የመናገር መብት ያላት ይመስላታል። ማታ ሾርባ ስታቀርብ “እሜቴ፣ ልጅቷ ያ ሰውዬ ቤት ከዋለች ወዲህ እኮ...” ብላ ጀመረች። ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብዬ አቋረጥኳት። ጨው አልበዛበትም ነበር። ይህቺ ሴትዮ ነገርን ከነገር ማያያዝ አመሏ ነው። ልጅ ይስላል፣ ልጅ ይድናል።

ኖቬምበር 13

ሥዕሎቹ ታተሙ። ሃክስቢ ቀለም ወደሚቀቡበት ክፍል ፎቅ ላይ ይዞኝ ወጣ። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሴቶችና ልጃገረዶች ተኮልኩለዋል። አንዷ ቀይ ብቻ ትቀባለች፣ አንዷ ሰማያዊ ብቻ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ታሳልፋለች። ልጄ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ነጭ ሆና ትመጣለች፣ ጉንጯ ቀልቶ ታልፋለች። ስድስተኛው ሥዕል ሲደርስ ቀይ የያዘችው ሴትዮ ብሩሿን አታነሳም፤ ወረቀቱን እንዳለ ታሳልፈዋለች።

እዚያም ፊቱ የሌቲስ ነው፣ ዓይኗ ተከድኖ። በሞቷም ላይ የሷን ፊት አድርግ አላልኩትም። ተው ያልኩትም ነገር የለም። ቅር አለኝ፤ ሥራው ግን ያምራል።

ኖቬምበር 27

ሱኪ ሱቅ ገባች። መደርደሪያው ጥግ ቆሜ መጽሐፍ የምመርጥ መስዬ ሰው ሲገዛት አየሁ። አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ፣ የኔዋ ይቺን ካነበበች ወዲህ ሳታስፈቅድ በር አትነካም፣ ማታ ማታ ግን ታለቅሳለች ብላ ነገረቻት። ሁለቱም ሳቁ። ጓደኛዋም ገዛች። ልቤ በደስታ ሞላ፤ ሮጬ ሄጄ ያቺ “አንዲት እናት” እኔ ነኝ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ለሌቲስም አንድ ይዤላት ገባሁ። የመጀመሪያውን ሥዕል ስታይ “እኔ ነኝ እኮ” አለች፣ ዓይኗ እየበራ። ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ ሳሉ አቋረጣት። በኋላ ለብቻዬ አነበዋለሁ አለችኝ።

ዲሴምበር 5

ሐኪሙ መጣ። ደም እንዲመጥላት ብሎ አልቅት አስቀመጠባት። ሳንባዋን እንደነካት የነገረኝ ደረጃው ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያደረገ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይነገርም መሰለኝ። የአህያ ወተት አዘዘ። ሻጩ አህያዋን በየጠዋቱ ደጃችን ድረስ እየነዳ ያመጣትና እዚያው ያልባታል። ማርጀሪ “በዚህ ቤት በሰዓቱ የሚመጣ እንግዳ እሷ ብቻ ናት” አለች። ሌቲስ ሳቀች፣ ሳቁ ግን ሳል ሆኖ ቀረ።

ዲሴምበር 9

ትኩሳት። ሌሊቱን አልተኛንም። ሃክስቢ ልኮብኛል፤ ሱኪ እያለቀች ነው፣ ሁለተኛ እትም፣ እርማት ካለ ቶሎ። ቶሎ ይለኛል።

ዲሴምበር 14

መጻፍ ያለብኝ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሌቲስ የሚገርም ጨዋ ልጅ ሆናለች። መድኃኒቱን ሳትለመን ትጠጣለች፣ ጽዋውን ልሳ ታሳየኛለች። አልቅቱ ሲቀመጥባት ከንፈሯን ነክሳ ዝም። አሻንጉሊቷን ለወተት ሻጩ ልጅ ሰጠች፤ አሻንጉሊቷን እኮ ነው፣ ማንም እንዲነካት የማትፈልገውን። ትናንት ማርጀሪን ጠርታ፣ አንድ ጊዜ ምላሴን አውጥቼብሽ ነበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለቻት። ማርጀሪ መቼ እንደሆነ እንኳ አታስታውሰውም፤ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። ምን ያስለቅሳል፣ ልጅ ጠባይ ሲገዛ ደስ ይባላል እንጂ። ሱኪ ትራሷ ሥር ናት፤ ገጾቹ በመነካካት ብዛት ለስልሰዋል። እንግዲህ የሌላ ሰው ልጆች ላይ የሠራው መጽሐፌ እኔም ቤት ሠራ።

ዲሴምበር 20

ምላሴን በቆረጠው።

የሁለተኛውን እትም እርማት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እያየሁ ነበር። “እማዬ፣ ሱኪ ከታመመች በኋላ ጥሩ ልጅ ብትሆንስ ኖሮ?” አለችኝ። ሐሳቤ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ፊደል ተገልብጦ ታትሟል። ቀና ሳልል “ያኔማ ረፈደ” አልኳት። “እሺ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፊደሉን አረምኩት። ሌላም ገጽ አረምኩ። ከዚያ ነው እጄ ቀጥ ያለው። እነዚያ ሁሉ ቀናት፣ ያ ሁሉ ጽዋ፣ አሻንጉሊቷ። ልጄ ጨዋ የሆነችው ላለመሞት ስትለፋ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ደብተር ላይ ደስ አለኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ቀሰቀስኳት። ሱኪ የምትባል ልጅ የለችም አልኳት፣ እኔ ከጭንቅላቴ አውጥቼ የጻፍኳት ናት። “አውቃለሁ” አለችኝ። “ግን ፊቷ የኔ ነው።”

ዲሴምበር 21

ተናዘዘችልኝ። ያጠፋሁትን አገኘሁት አለች፤ ብዙ ቀን ፈልጋው ነው። ሚስተር ቤዝል ቤት እንዳትነቃነቂ ስትይኝ እግሬን አነቃነቅሁ አለችኝ። በርዶኝ ነበር፣ መናገር ግን ያሳፍር ነበር፣ አንቺም ተቆጣሽ፤ ያኔ ነው። የሱኪ ጥፋት ዳክዬዎቹ ነበሩ፣ ይኸው ነው የኔ ዳክዬ አለችኝ።

ምን አልኳት? አይ ልጄ፣ እሱ ምንም አይደለም አልኳት። አቀፍኳት። ሌላም የማስረዳት ነገር ነበር፤ አላስረዳሁም። ነገ።

ዲሴምበር 25

ገና ነው። ማርጀሪ ዝይ ጠበሰች፣ የበላው የለም። ሌቲስ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰች፣ ደስ እንዲለኝ ብላ እንደሆነ ታውቆኛል። ከታች መንገድ ላይ እየዘፈኑ አለፉ።

ጃንዋሪ 4፣ 1808

ሃክስቢ ዘንድ ሄድኩ። የሱኪን መጨረሻ ልቀይር ነው አልኩት። መነጽሩን አወጣና “ሚስስ ፔንሮ፣ መዳቡ እኮ ተቀርጿል። ስድስተኛው ሥዕል የሞተች ልጅ ነው። ከሥሩ ዳነች ብዬ ላትምበት?” አለኝ። እንደ ነገሩ አሹፎ ሊያልፍ ነበር። ያን ጊዜ የልጄን ነገር ነገርኩት፣ ሱቁ ውስጥ ሰው እየሰማ።

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እኔ ከዚህ ሰው የማልጠብቀውን ነገረኝ። “እኔም ሦስት ልጆች ቀብሬያለሁ። ሦስቱም ምንም አላጠፉም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ማሳተም የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ውስጥ ሞት ቢያንስ ምክንያት አለው” አለና መጽሐፉን መታ መታ አደረገው። አንጀት አልፈጠረበትም ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው አሰብኩ፤ ይቅር፣ እንዳለ ይሁን።

መጽሐፉን አልቀይርም አለ። ግን አንድ ወረቀት፣ ለአንድ ልጅ፣ ፊደል አስለቅሜ አትምልዎታለሁ አለኝ። በእጄ ጽፌ ብሰጣት ሌቲስ እንደማታምን ነግሬው ነበር። ሞክሬዋለሁ፤ “ይሄ ያንቺ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ መጽሐፉ ግን ሞተች ነው የሚለው” ብላኛለች። ደብዳቤ ሁሉ በእጅ ይጻፋል፣ እውነቱ ግን የታተመው ነው። ይህንንም ከእኔ ነው የተማረችው።

ጃንዋሪ 9

ወረቀቱ መጣ። የመጨረሻውን ገጽና ስድስተኛውን ሥዕል ቆርጬ አወጣሁና አዲሱን ቦታቸው ላይ ለጠፍኩ። ጽሑፉን ለመጻፍ አንድ ሙሉ ቀን ነው የፈጀብኝ፣ እንደዚህ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። እንዲህ ይላል፦ ሱኪ ግን ከልቧ ስለተጸጸተች፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ከአልጋዋም ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሌቲስ ወረቀቱን ገልብጣ ፊደሉ ከጀርባ ጎበጥ ማለቱን በጣቷ ዳሰሰች። መታተሙን ስታረጋግጥ ነው፣ የደራሲ ልጅ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። “ስለተጸጸተች” አለች ለራሷ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች፤ ስትጨርስ ፈገግ አለችልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። ማርጀሪ “እሜቴ፣ ከዓመት ወዲህ የጻፉት ደህና ነገር ይሄ ብቻ ነው” አለችኝ። ከማርጀሪ አፍ ምስጋና ሲወጣ እንዲህ ነው። ዛሬ እኔም እተኛለሁ።

ጃንዋሪ 12

ከታች ሆኜ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ሌቲስ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ወለሉ ላይ ወድቃለች፣ ባዶ እግሯን፣ በሌሊት ልብሷ። አነሳኋት። ምንም አትመዝንም። ለምን ብቻሽን ተነሳሽ ብዬ ጮህኩባት፤ ይቅር ይበለኝ፣ ጮህኩባት።

“ሦስተኛው ቀን ነው” አለችኝ።

ጃንዋሪ 13

“ከልቤ አልነበረም ማለት ነው” ትላለች። ከልብ እንዴት እንደሚጸጸቱ አሳይኝ ትለኛለች። ምን ላሳያት?

ሐኪሙ መጥቶ ሄደ። ደረጃው ላይ እንኳ አልቆመም።

ጃንዋሪ 22

ያጠፋሁት የት ላይ እንደሆነ አሁን ይታየኛል፣ አንዲት ቃል ናት። “ስለ”። ስላልታዘዘች ሞተች። ስለተጸጸተች ዳነች። ላድናት ብዬ በታተመ ወረቀት የሰጠኋት ያንኑ መርዝ ነው፣ ገልብጬ። ትኩሳቱ ለቀቃት ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? ትኩሳት እኮ ይለቃል፣ ለሌባውም ለጻድቁም ይለቃል። ግን ብዕሬ ያለ ምክንያት መሄድ አይችልም። አሥር መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ስለዋሸ ወደቀ፣ ስለሰነፈች ደኸየች፣ ስለሰጠ ተሰጠው። አሥሩም በዚች ቃል ነው የቆሙት።

ዛሬ ማታ ሌላ መጨረሻ ልሞክር ተቀመጥኩ። ሱኪ ታመመች። ዝናቡ ዘነበ። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያስ? እዚያ ላይ እቆማለሁ። ዳነች ብል ልጄ ለምን ትለኛለች፣ ሞተች ብልም ለምን ትለኛለች። ማርጀሪ ሻማ ልትቀይር ገብታ ባዶውን ወረቀት አየችና ዛሬስ ምነው ነጠፉ አለችኝ። ብዕሩን ሳስቀምጥ ደነገጠች መሰለኝ፣ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ አድርጋ አታውቅም።

ተስፋ ቆርጫለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ ሥራዬ ለልጆች ስለሆነ ይህ ቃል በደጄ አልፎ አያውቅም። ይኸው እዚህ ጻፍኩት።

ጃንዋሪ 27

ደም አስመለሳት። አንሶላውን ማርጀሪ ወሰደችው፣ እንዳታይ ብለን። አይታለች። አንሶላ ስላበላሸሁ ይቅርታ አለችን።

ፌብሩዋሪ 1

ነገርኳት። ሁሉንም ባይሆንም ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር፣ ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ሚስተር ቤዝል ቤት የነበርንበትን ቀን ታስታውሻለሽ አልኳት። እግሬን ያነቃነቅሁ ቀን አለች። አይደለም፣ እሱን ተይው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ቁሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አትነቃነቂ ያልኩሽም እኔ። ብርድ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ እኔ ደግሞ እያየሁሽ ነበር። አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። ታዘዝሽ፣ ሌቲስ። 

ብዙ አሰበች። ስታስብ የአባቷን ግንባር ነው የምታመጣው። ከዚያ ዓይኔን እያየች “ስለታዘዝኩ ነው?” አለችኝ።

አይደለም አልኳት።

“ታዲያ ስለምንድነው?”

ስለምንም አይደለም፣ በቃ ታመምሽ፣ ዝም ብሎ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ አዋቂ ሰው የማይረባ ነገር ሲነግራት በጨዋነት እንደምትነቀንቀው። አላመነችኝም። ስለምንም ያልሆነ ነገር በዚህ ቤት ሰምታ አታውቅም፣ ከየት አምጥታ ታምነኛለች? ትራሷን አስተካከልኩላት። መልሼም አስተካከልኩት።

ፌብሩዋሪ 4

አትናገርም። እጄን ትይዛለች። ዛሬ አህያዋ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ማርጀሪ ወርዳ ወተት ሻጩን አይ፣ ከእንግዲህ አታምጣት አለችው።

ፌብሩዋሪ 6

ሌቲስ ዛሬ ጠዋት። ማርጀሪና እኔ ነበርን። ዝናብ ነበር።

ፌብሩዋሪ 8

ሃክስቢ መጣ፣ ጥቁር ለብሶ። እንደ ሰው ተቀመጠ፣ እንደ ሰው አለቀሰ። ሊሄድ ሲል ኮፍያውን እያዞረ፣ አሁን ሳይሆን ሲረጋጉ፣ የሌቲስን የመጨረሻ ቀናት ቢጽፏቸው አለኝ። ትዕግሥቷን፣ መድኃኒቱን ሳትለመን መጠጣቷን፣ አሻንጉሊቷን መስጠቷን። ፊቷ ደግሞ መዳቡ ላይ አለን። ብዙ ልጅ ያስተምራል አለ፤ ከልቡ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ለእኔ የሚያስብልኝም መስሎታል።

ሱኪን ከመሸጥ እንዲያቆም ለመንኩት። ሦስተኛው እትም ቀለም እየተቀባ ነው አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ማርጀሪ በሩን ከፍታ ቆመችለት። እኔ አልሸኘሁትም።

ፌብሩዋሪ 10

ዛሬ ተቀበረች። ከቀብር መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት ገባ። ኬኩን ቆረሱ፣ ወይኑን ቀመሱ፣ እግዜር ያጽናሽ አሉኝ፤ መልአክ ነበረች፣ አምላክ ስለሚወዳት ወሰዳት አሉኝ። እዚህም “ስለ”። አንድም ሰው ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም።

ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ሚስስ ሎፍት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር፤ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አዲስ ጥቁር ሪባን አስረውላታል። ትልልቆቹ እያወሩ ሳለ ልጅቷ ቀስ ብላ መጥታ ወንበሬ አጠገብ ቆመች። ጎንበስ አልኩላት። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ በሹክሹክታ “ምን አጥፍታ ነው?” አለችኝ።

“ምንም” አልኳት። “ምንም አላጠፋችም።”

እናቷን ዞር ብላ አየች፤ አትሰማም። እኔንም ደህና አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው እጄን መታ መታ አደረገችና “እሺ” አለችኝ፣ “ለማንም አልናገርም።”